ወፍራሙ ጃንጥላ

ፋንታነሽ ዕቃ ስትገዛ ያላየ ሰው፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ቢቸና ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ድምፀ ዝግ ሴት ናት። ከኮረሪማውና ከነጭ አዝሙዱ ጆንያ ጀርባ ተቀምጣ ስትታይ ጭምት ትመስላለች። ሻጭነቷን ትታ ገዢ የሆነች ዕለት ግን ሌላ ሰው ናት። ጨርቅ ከሆነ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ታሸዋለች፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት ነው። ከጠርዙ ክር መዝዛ ክብሪት ትለኩስበታለች። አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ተኮማትሮ ከጠጠረ ናይለን ነው። ሳፋ ከሆነ ገልብጣ በጣቷ ትቆረቁረዋለች፣ ፔርሙዝ ከሆነ አፉን ከጆሮዋ ለጥፋ ታዳምጠዋለች። ፔርሙዙ ምን እንደሚላት እስካሁን የተረዳ ሰው የለም። ባለሱቆቹ መጀመሪያ ሰሞን ይናደዱባት ነበር። አሁን ገና ከበር ስትገባ ክብሪቱን ራሳቸው ያቀብሏታል።

ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውዱ ዕቃ ውድ የሆነው ለምንድን ነው? ብልጫው የቱ ላይ ነው ያለው? ሌላው ሰው ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው በተታለለ ዕለት፣ ያውም በንዴት ነው። እሷ ሳትታለልም ትጠይቀዋለች። ሁለት ኮረሪማ አጠገብ ላጠገብ አድርጋ እያሸተተች ገበያተኛ ቆሞ ሲጠብቃት የምትረሳ ሴት ናት። ጎረቤቶቿ ሠርግ ወይ ክርስትና ሲደርስባቸው ከመግዛታቸው በፊት "ፋንታነሽ ትየው" ይላሉ። ትሄድላቸዋለች። ግን ግዙ ወይም አትግዙ ብላ አታውቅም። አገላብጣ፣ አሽታ፣ አቃጥላ ስታበቃ "ለምንድን ነው የምትፈልጉት?" ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ እነሱም ዕቃው ለምን እንደሚያስፈልጋቸው አስበውት ስለማያውቁ ግራ ተጋብተው ይመለሳሉ።

ባሏ ገላው ወፍጮ ቤት ይሠራል። ሲመሽ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ የሚገባ ረጅም ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ያለው አቋም አንድና አንድ ብቻ ነው። "ዕቃ ዕቃ ነው" ይላል። ውዱም ይሰበራል፣ ርካሹም ይሰበራል፣ ርካሹ ሲሰበር ግን ሰው አይሰበርም ባይ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረውን ችንጋ ከገበያው ሁሉ ርካሹን ገዝቶ ያስገባል፤ ሲበጠስ ሌላ ይቀይራል፤ ሲበጠስ ሌላ። እሷ ችንጋውን ትከታተለዋለች። ለካ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የሦስት ርካሽ ዕድሜ ከአንድ ውድ ዕድሜ በልጦ ያገኘችበት ዓመት አለ። በዚያ ዓመት ገላው እራት ላይ ሲጎርስ እንኳ ያፏጭ ነበር።

እንዲህ እየተፈታተኑ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ልብስ ማስጫ ገመድ ሲያስፈልጋቸው እሷ ወፍራም የሲባጎ ገመድ ገዛች፤ እሱ ከመንገድ ዳር ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ አምጥቶ ከጎኑ ወጠረው። የእሷ ገመድ በሁለተኛው ክረምት ሻግቶ ተበጠሰና አንሶላዋን ጭቃ ውስጥ ጣለው። የእሱ ይኸው እስካሁን አለ። ፔርሙዝ ላይ እሷ አሸነፈች ቢባል ይቻላል፤ የእሷ ሻይ በማግስቱም ትኩስ ነው። ገላው ግን "የትናንት ሻይ የሚጠጣ ማነው?" አላት። ይህን ስታስበው ሰነበተች። እውነትም በዚያ ቤት የትናንት ሻይ የሚጠጣ ሰው የለም። የማያስፈልግ ጥራት ምን ይባላል? በቅመም ወንፊቷ ላይ ግን አትደራደርም፤ ጥሩው ወንፊት ያወጣው በርበሬ ቶሎ ይሸጣል፣ ይህን ገላውም አይክድም። በአጭሩ፣ ውዱ አንዳንዴ ይረታል፣ አንዳንዴ ይረታል ተብሎ ይቀራል። ፋንታነሽ ይህን ሁሉ አይታ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ማወቅ አለመቻሏ አያሳዝናትም፤ እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም።

አምና ከመስቀል በኋላ ገላው ወፍጮው ሥር ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳ ደብረ ማርቆስ ይድረስ ተባለ። መኪና የለም። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። የሚያልፍ ካለ እንዳያመልጣቸው ብለው በቃሬዛ ከከተማው መውጫ አውጥተው አስፋልቱ ዳር አኖሩት። ቀትር ነው። ዛፍ የለ፣ በረንዳ የለ። አብረዋት የመጡት ሰዎች መኪና ፍለጋ ሽቅብም ቁልቁልም ሲሮጡ ፋንታነሽ ነጠላዋን አውልቃ ከፊቱ በላይ ዘረጋችለት። ነጠላው ስስ ነው። ፀሐዩ ሸንቁሮት ፊቱ ላይ ይወርዳል። አጠፈችው፤ አሁንም ያልፋል። የዚያን ነጠላ ጥለት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መርምራ የገዛችው ራሷ ናት። ስትገዛው ለሰው ጥላ ይሆናል ብላ አልነበረም።

ገላው ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል። ፋንታነሽ የዚያን ቀን ያህል ፈርታ አታውቅም። "ጊዮርጊስ" አለች በሆዷ፣ "ጥላ አጣሁለት። ይህን ሰው ካተረፍክልኝ ጥሩ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ።" ጃንጥላ ብቻ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ጥሩ አለች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት መኪና ቆመላቸው። ገላው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ የሆስፒታሉን ሾርባ እያማ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጉልበቱ ሲጠና ስለቷን ነገረችው። እሱ ካዳመጠ በኋላ "ጥሩ ብለሽ ነው የተሳልሽው?" አለ።

"ጥሩ ብዬ ነው።"

"ምን አስቸኮለሽ? ጃንጥላ ብቻ አይበቃም ነበር?"

"በዚያ ሰዓት ቃል አልመርጥም።"

"እንዴት ነው ታዲያ፣ ኮረሪማ እንኳ ፍሬ በፍሬ የምትመርጭ ሴት?" አለና ሳቀ፤ ስፌቱ ስለጎተተው ሳቁን አቆመ። ቀጥሎ እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ ነገሩን ዘረዘረው። ለንግሥ የሚገባው ጃንጥላ ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስፈልገውን ያስቀርና የቀረውን ታቦቱ ከገባ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ በጨረታ ይሸጠዋል፤ ገንዘቡ ለሕንፃ ሥራ ይውላል። "እንግዲህ ጠዋት የገባው ከሰዓት ይሸጣል። ለአንድ ቀን ነው። ጊዮርጊስ ደግሞ የጃንጥላ ዘርፍ አይቆጥርም። ደግሞስ የተሳልሽው ስለ ማን ነው? ስለ እኔ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ በውድ ዕቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚሁ ከቢቸና አንዷን ቀጭን ገዝተሽ አስገቢ።"

ክፋቱ፣ የገላው ነገር በራሷ ሚዛን ሲለካ ልክ ነው። ለሰው ሁሉ "ለምንድን ነው የምትፈልጉት?" ስትል የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ራሷን ስትጠይቅ መልሱ ለአንድ ጠዋት ነው። ከዚያ በላይ ግን የማትነግረው ፍርሃት ነበራት። ስለቱ ቢጎድልስ? ጥሩ ብላ ቀጭን ብታስገባና ይህ ሰው እንደገና ሆዱን ይዞ ቢቀመጥስ? በዕቃ ስትሳሳት ዕቃው ይበጠሳል፣ አንሶላው ጭቃ ይነካል፣ በዚያው ያበቃል። እዚህ ላይ መሳሳት የሚያስከትለውን አታውቅም፤ ምራቅና ክብሪትም አይነግሯትም። ገላው ገና በደንብ አላገገመም ነበርና ልትከራከረውም አልፈለገች። "እሺ" አለችው።

መንገዱ ደህና በሆነበት በመጋቢት መጨረሻ፣ ነጭ አዝሙድ ላመጣ ነው ብላ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ወረደች። ሞጣ ላይ የምትሄድበት ሱቅ የሙሐመድጣሂር ነው። ከአባቱ ጀምሮ ጨርቅ የሚነግድ፣ ያገሩ ቀሳውስት ሁሉ ለመጋረጃም ለመጎናጸፊያም ደጁን የሚረግጡት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው ነው። ገና ሲያያት መሳቢያውን ከፍቶ ክብሪት አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረላት።

"ዛሬ ምን ልናቃጥል ነው እታለም?"

"ጃንጥላ። ለጊዮርጊስ።"

ሁለት አወረደላት። አንዷ ከቀይ ሳቲን የተሠራች፣ ወርቃማ ዘርፏ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለል ያለች ናት። እንደሷ ያለችው ቢቸናም ሞልታለች። ሌላው ከከፋይ ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ ዘርፉ ደብዘዝ ያለ፣ ሽቦዎቹ ወፈር ያሉ፣ ሲያነሱት ክንድ የሚይዝ። ዋጋቸውን ሲነግራት እንደማያፍር ሰው ፊት ለፊት እያያት ነው የነገራት፤ ወፍራሙ ከሁለት ቀጭን ዋጋ በላይ ነው።

ፋንታነሽ ሥራዋን ጀመረች። አሸች፣ መዘዘች፣ ለኮሰች። ሳቲኗ እንደጠበቀችው ጠጠረች። የከፋዩ ክር ደግሞ ግማሹ አመድ፣ ግማሹ ጠጣር ሆነ።

"ይሄም ድብልቅ ነው" አለች ወፍራሙን እያሳየችው።

"ድብልቅ ነው። ንጹህ ነው ብዬሻለሁ?"

"ታዲያ ውድ የሆነው ለምንድን ነው?"

ሙሐመድጣሂር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሽቦዎቹ መጋጠሚያ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሲላላ እንደሚጠብቅ፣ የቀጭኗ ግን አንዴ ከወለቀች የምትጣል መሆኗን አሳያት። ዘርፉ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ የሰፋችውም ልጁ ሪሃብ ናት። "ከዚህ የቀረው ትርፌ ነው" አለ።

"አንተ ብትሆን የቱን ታስገባ ነበር?"

"እኔማ ለጊዮርጊስ አልሳልም እታለም" አለና ፈገግ አለ። ትንሽ አሰበና ግን አንድ ነገር አጫወታት። ለመስጊዳቸው ምንጣፍ ሲገዛ እሱም ይኸው ጥያቄ ገጥሞት ነበር። ገንዘቡ ለሙሉው ስላልበቃ ከፊት በኩል ያለውን በጣም ወፍራም፣ ከኋላ ያለውን ቀጭን አድርጎ ገዛ። "ሽማግሌዎቹ ይመቻቸው ብዬ ነው ወፍራሙን ከፊት ያደረግኩት። ከሰነበተ በኋላ ሳይ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከኋላ ናቸው። ለምን ብል ወፍራሙ ላይ ሲነሱ እግራቸው ይሰምጣል፣ ይንገዳገዳሉ። ይኸው ወፍራሙ ላይ የሚሰግዱት ጎረምሶቹ ናቸው።"

"ተቆጨህ?"

"የለም፤ ጎረምሶቹም ሰው ናቸው።"

ፋንታነሽ ይህን በአእምሮዋ አገላበጠችው፤ ወደ የትኛው ወገን እንደሚመዘን ግን አላወቀችም። ወደ ገመዱም ያደላል፣ ወደ ፔርሙዙም ያደላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ጃንጥላ ይዛ ከሱቁ ደጅ ወጣች። ሙሐመድጣሂር አልከለከላትም፤ ይዛ እንደማትጠፋ ያውቃል። መጀመሪያ ቀጭኗን ዘረጋችና እጇን ከሥሯ አደረገች። ፀሐዩ ሳቲኑን አልፎ መዳፏን አቀላው። የእጇን መስመሮች ሁሉ ማየት ትችላለች። ያን ቀን አስፋልቱ ዳር ነጠላዋ ሥር የነበረው የገላው ፊት ትዝ አላት። ላቡ፣ የተጨፈኑት ዓይኖቹ፣ እንደ ወንፊት ተነጥቦ የሚወርድበት ፀሐይ። ቀጭኗን አጥፋ ወፍራሙን ዘረጋች። ሥሩ ጨለም ብሎ ይበርዳል። እዚያው ቆማ ቆየች።

"ይሄን ጠቅልልልኝ" አለችው ስትመለስ። ዘይት መጭመቂያ እገዛለሁ ብላ ያስቀመጠችው ገንዘብ ነው ያለቀው።

ቤት ስትደርስ ገላው የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት ገባ?" የሚል ነበር። የቀጭኗን ዋጋ ነገረችው። ያቺን ዋጋ ካፏ ስታወጣ ትንሽ ሳል ነገር ቢይዛትም እሱ አላስተዋለም። ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ።

"ደህና ገዛሽ" አለ። "እስቲ ልየው።"

"ስለት ነው። ሳይገባ አይፈታም።" እንዲህ ያለ ሥርዓት የትም የለም፤ ፋንታነሽ እዚያው ቆማ ነው የደነገገችው። ገላው ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን ነገር ከእሷ ጋር አይከራከርምና ተወው። እሷም የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዋዜማ ጥቅሉን እንደታሰረ ወስዳ ለዕቃ ቤቱ ሰው አስረከበች።

በንግሡ ቀን ታቦቱ ሲወጣ የጃንጥላው ብዛት ለጉድ ነበር። ባልና ሚስቱ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆመው ሲያዩ ገላው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "የኛዋ የቷ ናት?" አላት። ፋንታነሽ ከፊት ለፊቷ የምታብረቀርቅ አንዲት ቀይ ሳቲን በአገጯ አመለከተችው፤ ባለቤቷ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በታቦት ፊት መዋሸቷ እንደ እሾህ ወጋት። ገላው ግን ተደሰተ። "አየሽ፣ ከማን ታንሳለች?" አለ። ያኔ ነፋስ ተነሳ። ፋንታነሽ ውስጥ ውስጡን ቀጭኖቹ ሲገለበጡ ለማየት ጠበቀች። አንዲቷም አልተገለበጠችም። ሳቲኗ ነፋሱን ችላ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፋንታነሽን ይህ ትንሽ አናደዳት። ወፍራሙ በአንድ ጎረምሳ ዲያቆን እጅ ከዳር በኩል ሲያልፍ ነው ገላው አንገቱን የመዘዘው።

"ያ የማን ነው? ያ ከፋዩ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ሰው ተጨንቆ የሠራው ነው" አለ ገላው፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሳም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ገላው "አንቺ ወደ ቤት ሂጂ፣ እንግዳ ይመጣል፤ እኔ ሰው ላናግር" አላት። እሺ ብላ እስከ በሩ ሄደች። ግን የሚሆነውን ሳታይ መሄድ አልቻለችም። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በምን ያህል እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛው፣ የገዛው ሰው ጥራቱን ያውቅለት እንደሆነ ማየት አለባት። ተመልሳ ከሴቶቹ ጀርባ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ቆመች።

ጨረታውን የያዙት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ ድምፀ መረዋ፣ ቀልደኛ። መጀመሪያ ያነሷት ቀጭን ሳቲን ፀሐይ ላይ ስትከፈት ግቢው ሁሉ ቀላ። ሰው ተሻማባት። ሱቅ ከምትሸጥበት ብዙም ሳትርቅ ሄደች። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንደዚሁ። ከዚያ ወፍራሙ ተነሳ፤ ዋጋ የሚጠራ ጠፋ። የሚያብረቀርቅ የለው። አንድ ሰው ከዳር የቀጭኗን ግማሽ ዋጋ ጠራ። እንዲህ ነው እንግዲህ አለች በልቧ፤ ገላው ልክ ነበር።

"ላየው ይፈቀዳል?" የሚል ድምፅ ሰማች። ገላው ነው።

ከሰው መሐል ወጥቶ ወደ መሪጌታው ሲሄድ አየችው። ጃንጥላውን ተቀበለ። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ከፋዩን አሸው። ጣቱን አየ። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ገልብጦ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተሸ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካካ። ፋንታነሽ የገዛ እጇን ሌላ ሰው ላይ የምታይ መሰላት። ሠላሳ ዓመት ሲያሾፍባት የኖረ ሰው አንዲትም ሳያስቀር ተምሮት ኖሯል። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ "አቶ ገላው፣ ክብሪት ብቻ እንዳያወጡብን" ሲሉ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ገላው አልሳቀም። ከፍ ያለ ዋጋ ጠራ።

ከየጁቤ የመጣ አንድ ነጋዴ ይህን ሁሉ ምርመራ አይቶ ዕቃው ጥሩ ቢሆን ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ጨመረ። ገላው ጨመረ። ነጋዴው ጨመረ። ፋንታነሽ ደነገጠች። ይህ ሰውዬ ምን ነካው? የሞጣውን ዋጋ ሲያልፈው መጮህ አማራት። ተው፣ የኛ ነው፣ ገዝቼዋለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ግን እንዲህ ካለች ውሸቷ በሕዝብ ፊት ሊወጣ ነው። ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ለምን እንደሚገዛው ማወቅ ፈለገች። አፏን ዘጋች። ነጋዴው እጁን አወረደ። መሪጌታው ሦስተኛውን ጊዜ ቆጥረው "ለአቶ ገላው" አሉ።

ገላው ከደረት ኪሱ ብሩን አውጥቶ ከፈለ። ጃንጥላውን ግን ይዞት አልሄደም። እዚያው መልሶ ለመሪጌታው ሰጣቸውና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራቸው። መሪጌታው ድምፅ ማጉያውን አነሱ።

"አቶ ገላው ታመው በተኙ ጊዜ ስለ ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ ፋንታነሽ የተሳሉትን ስለት እነሆ ዛሬ አስገብተዋል። ይህስ ለታቦቱ ይቀመጣል እንጂ አይሸጥም።"

ሴቶቹ እልል አሉ። አጠገቧ የነበረችው ነጠላዋን ስታይ አወቀቻትና በክንዷ ጎሸመቻት፣ ሌሎቹም ዞር ዞር አሉ። ፋንታነሽ የምትገባበት ጠፋት። ገላው ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

ወደ ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

"መቼ ተሳልክ?"

"አስፋልቱ ዳር። ዓይኔን ስገልጥ አንቺን አየሁሽ። ነጠላሽን ለእኔ ዘርግተሽ ያንቺ አናት ፀሐይ ላይ ነው። ላብሽ ባገጭሽ ይንጠባጠባል፣ አንቺ ግን አላወቅሽውም። እኔ ስለራሴ አልለመንኩም። ይቺን ሴት ብቻዋን አታስቀርብኝ አልኩት። ጃንጥላም የተሳልኩት ለዚያ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ስለት ሳይገባ ይወራል እንዴ? አንቺ ነሽ አይፈታም ያልሽው።"

ፋንታነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ልማዷ አልለቀቃትምና ሌላ ጥያቄ መጣባት። "ጥሩ ብለህ ነው የተሳልከው?"

"የለም። እኔ ጃንጥላ ብቻ ነው ያልኩት፤ አስቤበት ነው" አለ ገላው ኩራት ቢጤ እየተሰማው።

"ታዲያ ለምን ቀጭኗን አልገዛህም?"

ገላው ቆመ። ይህን ራሱን ጠይቆት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞር ብሎ አየና መንገዱን ቀጠለ። "ቀጭኗን ልይዛት ነበር የሄድኩት" አለ። "እጄ ግን እምቢ አለኝ። ላንቺ ነዋ።"

በሩ ላይ ሲደርሱ እንግዶቹ ገና አልመጡም። ፋንታነሽ ቁልፉን እያወጣች፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣ በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሲጠየቅ የኖረውን ጥያቄ ጠየቀች።

"ስንት ገባልህ?"

ገላው ጉሮሮውን ጠራረገ። ለሚስት የሚነገር የጃንጥላ ዋጋ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ከሞጣ ስትመለስ የነገረችውን። እሷ ለእልልታው ብቻ የደረሰች መስሎት ያንኑ ነገራት።

ፋንታነሽ ጨረታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮዋ ሰምታለች። ቁልፉን አዞረችና በሩን ከፈተች።

"ደህና ገዛህ" አለችው።